ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር፦ የተጠረጠረ ፕሮሰስ ቫይረስ ነው ወይስ አይደለም?

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ፣ ማራገቢያው ያለ ሥራ ሲጮኽ ወይም ጠዋት የተገዛ የኢንተርኔት ፓኬጅ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሲያልቅ ከጥገና ቤት የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ። ፎርማት ትክክለኛ መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ጥፋተኛው ቫይረስ ይሁን ጤነኛ ፕሮግራም ሳይለይ የሚደረግ ፎርማት የሰው ፋይል ይበላል፤ ምንጩ ካልተነካ ደግሞ ያው ችግር በሳምንቱ ይመለሳል። ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ በነፃ አለ፤ ስሙ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ነው፤ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በዚያ ሰዓት የሚሠራውን እያንዳንዱን ፕሮግራም፣ ማለትም ፕሮሰስ፣ ይዘረዝራል። እዚህ የምንገመግመው ፕሮግራሙ በአጠቃላይ ጥሩ መሆን አለመሆኑን አይደለም። «ይህ ከበስተጀርባ የሚሠራው ነገር ቫይረስ ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው አንድ ጥያቄ ምን ያህል ይበቃል የሚለውን ነው።

ፕሮግራሙ ማርክ ሩሲኖቪች እና ብራይስ ኮግስዌል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሰናዷቸው የሲስኢንተርናልስ መሣሪያዎች አንዱ ነው። ማይክሮሶፍት በ2006 ድርጅታቸውን ገዝቶ መሣሪያዎቹን በራሱ ድረ ገጽ በነፃ ማደሉን ቀጠለ። የሚወርደው ጥቂት ሜጋባይት ያላት አንዲት የዚፕ ፋይል ናት፤ ኢንስቶል የሚባል ነገር የለም፤ ዚፑን ፈትቶ ስሙ በ64 የሚያልቀውን ፋይል መክፈት ብቻ ነው። ፍላሽ ላይ ይዞ መዞር ይቻላል። ከማይክሮሶፍት ውጭ ካለ የማውረጃ ገጽ ግን አትውሰዱት። የወረደውን ፋይል በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ «ዲጂታል ሲግኒቸርስ» የሚለው ገጽ ላይ ማይክሮሶፍት ኮርፖሬሽን የሚል ፊርማ ከሌለ ሳትከፍቱ ሰርዙት።

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት

እንደወረደ ሲከፈት ከዊንዶውስ የራሱ ታስክ ማኔጀር እምብዛም አይሻልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ዋጋውን የሚያገኘው ከሚከተለው ማስተካከያ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ በአድሚኒስትሬተር መብት ክፈቱት፤ አለበለዚያ የሌሎች ተጠቃሚዎችና የሲስተሙ ፕሮሰሶች ዝርዝር ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ባዶውም ቦታ ያለ ምክንያት ያስጠረጥራል። ሁለተኛ፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቬሪፋይ ኢሜጅ ሲግኒቸርስ» የሚለውን አብሩ። ሦስተኛ፣ እዚያው «ቫይረስቶታል» (ፋይልን በብዙ ጸረ ቫይረሶች የሚያስመረምር ድረ ገጽ) ከሚለው ሥር ቼክ የሚለውን አብሩ፤ ይህ ፋይሉን አይልክም፣ የፋይሉን የጣት አሻራ፣ ማለትም ሃሹን ብቻ ነው የሚልከው፤ ስለዚህ ዳታ አይበላም። ከሥሩ ያለውን «ሰብሚት አንኖውን» የሚለውን ግን አታብሩ፤ እሱ ያልታወቁ ፋይሎችን ሙሉ በሙሉ ይሰቅላል፣ ዳታም ይበላል፣ የመሥሪያ ቤታችሁን ፕሮግራምም ለሌሎች ዓይን ያጋልጣል።

በመጨረሻ የዓምዶቹ ርእስ ላይ በቀኝ ክሊክ «ሰሌክት ኮለምንስ» ውስጥ ገብታችሁ ሦስት ዓምድ ጨምሩ፦ ኢሜጅ ፓዝ፣ ኮማንድ ላይን እና ኦቶስታርት ሎኬሽን። የዚህ መሣሪያ ነፍስ ያለው እነዚህ ሦስት ዓምዶች ውስጥ ነው። ፋይሉ የት ተቀምጧል? ምን ተብሎ ታዘዘ? ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ በምን በኩል ተመልሶ ይነሣል? ለሦስቱም መልስ ያልተገኘለትን ፕሮሰስ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ ቫይረስ ነው ማለትም እንዲሁ።

ስለ ቀለሞቹ አንድ ቃል፦ ሮዝ ሰርቪስ (ዊንዶውስ ከበስተጀርባ የሚያሠራው አገልግሎት) ነው፣ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ በእናንተ ስም የተከፈተ ፕሮግራም ነው፣ አረንጓዴ አሁን የተነሣ፣ ቀይ አሁን እየሞተ ያለ ነው። ቀይ አየሁ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፤ ቀይ አደጋ ማለት አይደለም። ልብ የሚባለው ጠቆር ያለው ሐምራዊ ነው፤ ፋይሉ ታሽጎ የተጠቀለለ መሆኑን ይነግራል፣ ቫይረስ ጸሐፊዎችም ይህን መጠቅለያ ይወዱታል። ጤነኛ ፕሮግራምም ግን ይጠቀምበታል።

ስም አያስረዳም፣ አድራሻና ወላጅ ግን ያስረዳሉ

በጣም ከሚጠረጠሩት ውስጥ ቀዳሚው ኤስቪሲሆስት፣ የዊንዶውስ ሰርቪሶችን የሚያስተናግደው ፕሮሰስ ነው። አንድ ሰው 60 እና 70 ኤስቪሲሆስት ሲያይ ኮምፒውተሩ ተወርሯል ይላል። ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ከዊንዶውስ 10 የ1703 እትም ጀምሮ ራሙ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ በጋራ ይሠሩ ከነበሩት ሰርቪሶች ለአብዛኞቹ የየራሳቸው ኤስቪሲሆስት ተሰጥቷቸዋል። ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ይህ ነው፦ እውነተኛው ኤስቪሲሆስት የሚኖረው ሎካል ዲስክ ሲ ላይ፣ ዊንዶውስ ውስጥ፣ ሲስተም32 ውስጥ ነው (ለ32 ቢት ፕሮግራሞች የሚሆነው ቅጂ ሲስዋው64 ውስጥ አለ)፤ በፕሮሰሶቹ ዛፍ ላይ ወላጁ፣ ማለትም ያስነሣው ፕሮሰስ፣ ሰርቪስስ ነው፤ ኮማንድ ላይኑም ሰረዝ ኬ የሚል ምልክትና የሰርቪስ ቡድን ስም አለበት። አፕዴታ (የፕሮግራሞች ዳታ የሚቀመጥበት ፎልደር) ውስጥ ወይም ቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር) ውስጥ የተቀመጠ፣ ወላጁ ኤክስፕሎረር የሆነ፣ ከስሙ ኋላ ምንም ትዕዛዝ የሌለው ኤስቪሲሆስት ካያችሁ ግን ጉዳዩ ከጥርጣሬ አልፏል።

ኤልሳስም (የይለፍ ቃልና መግቢያን የሚቆጣጠረው የዊንዶውስ ፕሮሰስ) እንዲሁ ነው፦ አንድ ብቻ መሆን አለበት፣ ወላጁም ዊኒኒት ነው። ኤክስፕሎረር ደግሞ በተቃራኒው ሲስተም32 ውስጥ አይደለም፤ በቀጥታ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ነው። የስም ማጭበርበሩ ዓይን የሚያልፈው ዓይነት ነው፤ ቪና ሲን ማቀያየር፣ ወይም በትንሿ ኤል ቦታ ትልቁን አይ መጻፍ። በብዙ ፊደል ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ ስሙን አታንብቡ፣ አድራሻውን አንብቡ።

ዳታ የሚበላው ኤስቪሲሆስት ሲሆን ደግሞ ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ «ሰርቪስስ» የሚለውን ገጽ እዩ። ዶኤስቪሲ የሚል ስም ካገኛችሁ የዊንዶውስ አፕዴት ማከፋፈያው ነው፤ አፕዴት ከማውረድ አልፎ እንደ ቅንብሩ ያወረደውን ለሌሎች ኮምፒውተሮችም ያካፍላል። ከስልክ ሆትስፖት ለሚሠራ ሰው ይህ ከማናቸውም ቫይረስ በላይ ፓኬጅ ይጨርሳል። መድኃኒቱ ሴቲንግስ ውስጥ ዋይፋዩን «ሚተርድ» (በዳታ መጠን የሚከፈልበት) ማድረግና «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ውስጥ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር መጋራትን ማጥፋት ነው። ፎርማት እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

ለእኛ አገር ተጠቃሚ የሚጨመር አንድ ተጠርጣሪ አለ፤ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም። ሥራው የምትጫኑትን ቁልፍ ሁሉ ጠብቆ ወደ ፊደል መለወጥ ስለሆነ በባሕርዩ ከቁልፍ ሰላይ ጋር ይመሳሰላል፤ ፊርማ የሌለው አሮጌ እትም ከሆነ አንዳንድ ጸረ ቫይረስ ሊከሰው ይችላል። መለያው «ቲሲፒ አይፒ» የሚለው ገጽ ነው። ፊደል የሚቀይር ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ ከሩቅ አገር አድራሻ ጋር የሚገናኝበት ምክንያት የለም። ገጹ በየጊዜው ሲታይ ባዶ ከሆነና ፋይሉ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ከተቀመጠ ተዉት።

የፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ፦ መሣሪያው የሚያሞኝበት ቦታ

ፎቶ ኮፒ ቤትና ኢንተርኔት ካፌ የሄደ ፍላሽ ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው። ፎልደሮቹ ጠፍተው በስማቸው ሾርትከት ይቀመጣል። ሾርትከቱ ሲከፈት ቫይረሱ የተጻፈበትን ስክሪፕት (የትዕዛዝ ፋይል) አስነሥቶ ትክክለኛውን ፎልደር አብሮ ይከፍታል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ምንም አያስተውልም።

በፕሮሰስ ኤክስፕሎረር የተበከለው ኮምፒውተር ሲታይ ምን ይመስላል? ደብልዩስክሪፕት የሚባል፣ ስክሪፕት የሚያነብብ ፕሮሰስ አለ። ፊርማው የማይክሮሶፍት ነው፣ ተረጋግጧል። አድራሻው ሲስተም32 ነው። ቫይረስቶታል ላይ ንጹሕ ነው፣ ዜሮ። ሁሉም ምልክት «ደህና ነው» ይላል፤ ብዙ ሰውም እዚህ ያቆማል።

የተመረመረው ግን ስክሪፕቱ ሳይሆን ስክሪፕቱን የሚያነብበው የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ወጥ ቤቱን ፈትሾ ድስቱን ሳይከፍቱ እንደ መሄድ ነው። ኮማንድ ላይኑን ስታነብቡ ግን የስክሪፕቱ ስም ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ አፕዴታ ውስጥ ሮሚንግ ከሚባለው ፎልደር፣ ወይም ከቴምፕ፣ መጨረሻው ቪቢኤስ፣ ቪቢኢ ወይም ጄኤስ የሆነ ፋይል። ይህን ዓይነት ቦታ ተቀምጦ በደብልዩስክሪፕት ሌት ተቀን የሚነበብ ጤነኛ ስክሪፕት በግል ላፕቶፕ ላይ አይጠበቅም። ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ የሚያስኬዱት የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ረንዲኤልኤል32፣ ኤምኤስኤችቲኤ እና ፓወርሼልም በዚሁ ዓይን መታየት አለባቸው። ፓወርሼል መስኮቱን ደብቆ፣ ከኋላው የማይነበብ ረጅም የፊደል ጅራት አስከትሎ ከተነሣ በኮድ የተለወጠ ትዕዛዝ ይዟል ማለት ነው፤ ወላጁ ዎርድ ወይም ኤክሴል ከሆነ ደግሞ የመጣው ከተከፈተ ሰነድ ነው።

ለሾርትከት ቫይረሱ የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፤ ብዙ ጽዳት የሚከሽፈው እዚህ ነው። ፍላሹን ቀድሞ ማጽዳት ከንቱ ነው፤ ስክሪፕቱ እየሠራ እስካለ ድረስ በየጊዜው የተሰካውን ፍላሽ ሁሉ እየፈለገ ራሱን መልሶ ይገለብጣል። ፍላሹን ነቅላችሁ መጀመሪያ ደብልዩስክሪፕትን ግደሉ። ቀጥሎ ኦቶራንስ የሚባለውን የዚሁ ቤተሰብ መሣሪያ ከፍታችሁ «ሎግኦን» በሚለው ገጽ ስክሪፕቱን የሚጠራውን መስመር ምልክቱን አንሡ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ነው፣ አንዱ ሬጂስትሪው (የዊንዶውስ የቅንብር ማኅደር) ውስጥ፣ ሌላው ስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ። ከዚያ የስክሪፕቱን ፋይል ሰርዙ። ፍላሹ የሚሰካው ከዚህ በኋላ ነው፦ በሾርትከቱ ሳይሆን የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጋችሁ ግቡ፣ ሾርትከቶቹንና ስክሪፕቱን ሰርዙ፣ በአትሪብ ትዕዛዝ ከፎልደሮቹ ላይ የሲስተምና የድብቅ ምልክቱን አንሡ። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነበር።

የቫይረስቶታልን ቁጥር ማንበብ

ቫይረስቶታል በ2004 ስፔን ውስጥ የተጀመረ፣ በ2012 ጉግል የገዛው አገልግሎት ነው፤ ከ70 በላይ ጸረ ቫይረሶች ስለ አንድ ፋይል ያላቸውን ብያኔ በአንድ ገጽ ያሳያል። ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር ያንን ክፍልፋይ በዓምድ ያመጣዋል፤ ቁጥሩ ላይ ክሊክ ሲደረግ ሙሉው ገጽ ይከፈታል።

ከ70 ውስጥ 40 ከሰሰ ማለት ክርክር የለውም። 1 ወይም 2 ብቻ ከሆነና የተሰጠው ስም «ጄኔሪክ» ወይም «ሂውሪስቲክ» የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ የሐሰት ክስ ነው፤ በተለይ ፊርማ በሌላቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ላይ። አስቸጋሪው ከ3 እስከ 10 ያለው ነው። እዚያ ላይ ቁጥሩን ትታችሁ ስሞቹን አንብቡ፤ የተለያዩ ትልልቅ ድርጅቶች አንድን የቫይረስ ቤተሰብ በስም ከጠሩ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም እመኑ። ፋይሉ መጀመሪያ የታየበትን ቀንም እዩ። «የ2019 የፕሪንተር ድራይቨር» ነኝ የሚል ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ትናንት ከሆነ አንድ ነገር አለ። «አንኖውን» የሚለው መልስ ደግሞ ንጹሕ ማለት አይደለም፤ ማንም አላየውም ማለት ነው። የታወቀ ድርጅት ነኝ የሚል ፋይል በዓለም ላይ ማንም ያላየው ከሆነ ይህ ራሱ ማስረጃ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ግን አንኖውን መሆኑ የሚጠበቅ ነው።

ፊርማም ዋስትና አይደለም። በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ሪቪል የተባለው የቤዛ ጠያቂ ቡድን በካሴያ ሶፍትዌር በኩል ባደረሰው ጥቃት የተጠቀመው እውነተኛና በማይክሮሶፍት የተፈረመ አሮጌ የዊንዶውስ ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ) ፋይል ነበር። ፋይሉን ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው አጠገቡ የራሳቸውን ዲኤልኤል (ፕሮግራም ሲነሣ የሚጭነው የኮድ ፋይል) አኖሩ፤ ዲፌንደሩም ከጎኑ ያገኘውን አምኖ ጫነው። ስሙ ኤምኤስኤምፒኢንጅን፣ ፊርማው የማይክሮሶፍት፤ የሚያጋልጠው አድራሻው ነበር፤ እውነተኛው በዘመናዊ ዊንዶውስ ላይ የሚገኘው ፕሮግራምዴታ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ዲፌንደር ከሚለው ፎልደር ሥር፣ ፕላትፎርም ውስጥ ነው። እንዲህ ላለው ነገር ኮንትሮልና ዲ ተጭናችሁ የታችኛውን መስኮት ክፈቱ፤ ፕሮሰሱ የጫናቸው ዲኤልኤሎች ይዘረዘራሉ፣ የፊርማ ዓምድም ይጨመርላቸዋል። በተፈረመ ፕሮሰስ ውስጥ አንድ ብቻ ያልተፈረመ ዲኤልኤል ካለ ዓይናችሁ እዚያ ይረፍ።

ሲታይ የሚደበቅ

ክሪፕቶ ቆፋሪዎች (በእናንተ ኮምፒውተር ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ፕሮግራሞች) የሲፒዩውን ጉልበት የሚበሉት ሰው ሳያይ ነው። አንዳንዶቹ ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ሥራ ያቆማሉ፤ ማራገቢያው ወዲያው ጸጥ ይላል፣ ሲዘጋ እንደገና ይጮኻል። ይህ ምልክት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርን ዝቅ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን ለ30 ደቂቃ ተዉት፤ ስትመለሱ ኮንትሮልና አይ ተጫኑና የሲፒዩው ግራፍ ላይ ማውሱን ከፍ ባለው ጫፍ ላይ አሳርፉ፤ በዚያ ሰዓት ጉልበቱን የበላው ፕሮሰስ ስም ይወጣል። ታስክ ማኔጀር ይህን አያደርግም፤ ለእኛ ከዚህ መሣሪያ ምርጡ ነገር ይህ ነው። ኮማንድ ላይኑ ውስጥ ስትራተም የሚል ቃል ካለበት ቆፋሪ ነው፣ አለቀ። ቆፋሪው ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርንም በስም የሚያውቅ ከሆነ የፋይሉን ስም ቀይራችሁ ክፈቱት።

ጥፋተኛው ሲረጋገጥ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፉ። ከዚያ ዲሊት ለመጫን አትቸኩሉ። ቫይረሶች ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ይጠባበቃሉ፤ አንዱን ስትገድሉ ሌላው ያስነሣዋል። ሁለቱንም በቀኝ ክሊክ «ሰስፔንድ» አድርጉ፤ ግራጫ ይሆናሉ። የደነዘዘ ጠባቂ ጓደኛው ሲሞት አያይም፤ ያን ጊዜ ተራ በተራ ግደሉ። ቀጥሎ ኦቶራንስ ውስጥ «ሎግኦን»፣ «ሼጁልድ ታስክስ»፣ «ሰርቪስስ» እና «ደብልዩኤምአይ» የሚሉትን ገጾች እዩ፤ ምልክቱን አንሡ እንጂ አትሰርዙ፣ ስሕተት ከሆነ መመለስ ይቻላል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩና ተመልሶ እንደሆነ ተመልከቱ። በመጨረሻ የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን አስነሡ፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ጉድለቱ ምንድን ነው? ታሪክ አይመዘግብም፤ ከመክፈታችሁ በፊት ተነሥቶ የሞተን ፕሮሰስ አያሳይም። ወደ ጤነኛ ፕሮሰስ ማስታወሻ (ራም) የገባን ኮድ ራሱ አይጠቁምም፤ «ስትሪንግስ» በሚለው ገጽ የፋይሉንና የማስታወሻውን ጽሑፍ አወዳድሮ ልዩነቱን ማግኘት ይቻላል፣ ግን ልምድ ይጠይቃል። ከርነል፣ ማለትም የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ የተደበቀ ሩትኪት (ራሱን የሚሰውር ቫይረስ) ሊያመልጠው ይችላል። ሌላው የሚገርም ችግር የራሱ ድራይቨር ነው፤ የ16.32 እትም ድራይቨር ኦኪል በተባለ መሣሪያ ጸረ ቫይረስን ለመግደል ጥቅም ላይ መዋሉ በ2023 ይፋ ስለሆነ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራሙን ይከለክሉታል። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከመክፈታችሁ በፊት የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ፤ ሁልጊዜም አዲሱን እትም ተጠቀሙ። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ በነፃ ከሚገኙት ውስጥ ይህን ያህል መልስ በአንድ መስኮት የሚሰጥ ከሲስተም ኢንፎርመር በቀር አናውቅም፤ ለጀማሪም ከዚያ ይልቅ ይህ ይቀላል።

ፎርማት የሚያስፈልገው መቼ ነው? የተገኘው ቫይረስ የይለፍ ቃል ሌባ ወይም በርቀት መቆጣጠሪያ ከሆነ፣ ወይም ከጽዳት በኋላ ከተመለሰ። ያኔ የባንክና የኢሜይል ይለፍ ቃላችሁን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ቀይሩ፣ ከሁሉም መሣሪያ ውጣ የሚለውንም ተጫኑ፤ ሌባው ይለፍ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተከፈተውን አካውንት ኩኪም (መግባታችሁን የሚያስታውሰውን ፋይል) ወስዶ ሊሆን ይችላል። ፎርማቱ ካለቀ በኋላ ዊንዶውሱን ከፍላሽ ላይ በምታመጡት የኬኤምኤስ አክቲቬተር (ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ በሚከፍት ፕሮግራም) ከመክፈታችሁ በፊት ግን የተጸዳው ኮምፒውተር የዲፌንደር «ኤክስክሉዥንስ» ዝርዝር ምን ይዞ እንደነበር አስታውሱ። አክቲቬተሩ ሲጫን ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ብሎ ያዘዘው፣ በአድሚን መብት የገባው፣ በየቀኑ በሼጁልድ ታስክ የሚነሣው እሱ ነው፤ ሙሉ ሎካል ዲስክ ሲን ከፍተሻ ነፃ ያደረገ መስመር እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከነበረ ቫይረሱ የገባበት በር ያ ፍላሽ ላይ አሁንም አለ።